ፋብሪካው የጋራ፣ ንድፉ የግል፦ በውል የማስመረት ጥቅም ከቺፕ ኢንዱስትሪ አንጻር

አንድ ኩባንያ የነደፈውን ዕቃ ራሱ ማምረቱን ትቶ ለሌላ ፋብሪካ በውል ሲሰጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የጉልበት ርካሽነት ነው። ይህ ሐሰት ባይሆንም የሚያስረዳው ጥቂቱን ብቻ ነው። የቺፕ ፋብሪካ የሚፈልገው ሠራተኛ ከሚውጠው ካፒታል አንጻር ጥቂት ነው፤ ካፒታሉ የሚቆጠረው በቢሊዮን ዶላር ነው፤ ሆኖም በውል ማስመረት እዚያም በጥልቀት ሥር ሰዷል። ይህ መጣጥፍ የአሠራሩ ዋና ጥቅም የሚገኘው ቋሚ ወጪን ከመጋራት፣ በአንድ ቦታ ከሚከማች የአመራረት ልምድና አምራቹ ከደንበኛው ጋር ላለመፎካከር ከሚገባው ቃል መሆኑን ያሳያል።

ወጪን መጋራት

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቺፕ የሚነድፍ ኩባንያ በአብዛኛው የራሱ ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካ ያልነበራቸው ጥቂት ነዳፊዎች የትልልቆቹን ትርፍ አቅም ይጠይቁ ነበር። የባለፋብሪካው ገበያ ሲደራ ግን ወረፋው የሚሰረዝበት የውጭው ደንበኛ ነው።

ሞሪስ ቻንግ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ 25 ዓመት ሠርተው ወደ ታይዋን ከተሻገሩ በኋላ ነው። በ1987 ቲኤስኤምሲን በሲንቹ ከተማ ሲመሠርቱ፣ ከመነሻ ካፒታሉ ግማሽ የሚጠጋውን የታይዋን መንግሥት፣ ከሩብ በላዩን ደግሞ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ አዋጡ። ኩባንያው በራሱ ስም የሚሸጥ ቺፕ አይነድፍም፤ የሌሎችን ንድፍ ያመርታል።

የወጪውን ክብደት ለመረዳት አንድ ማሽን ማየት ይበቃል። ኢዩቪ የሚባለውን የብርሃን ማተሚያ በዓለም ላይ የሚሠራው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። በማሽኑ አየር አልባ ክፍል ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎች በተከታታይ ይወረወራሉ፤ ሌዘር በሰከንድ 50,000 ያህሉን እየመታ ወደ ፕላዝማ ይለውጣቸዋል። ከፕላዝማው የሚወጣው የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን በመስታወቶች እየተመራ የሰርኪዩቱን ቅርጽ በሲሊከን ዝርግ ላይ ያሳርፋል። የአንዱ ማሽን ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን አንድ ዘመናዊ ፋብሪካ ብዙዎቹን ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ ፈትቶ ባደረ ቁጥር ኪሳራ ነው። የምርቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ አንድ ነዳፊ ብቻውን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሊሰጠው አይችልም። ቲኤስኤምሲ ግን በ2023 ለ528 ደንበኞች 11,895 የተለያዩ ምርቶችን አምርቷል። የስልክ ትዕዛዝ ሲቀዘቅዝ የሰርቨር ወይም የመኪና ቺፕ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። በ1993 ያለፋብሪካ የተቋቋመው ኤንቪዲያ ገንዘቡን በንድፍና በሶፍትዌር ላይ ማዋል የቻለው የፋብሪካውን ሸክም ሌላ ስለተሸከመለት ነው።

የሚከማች ልምድ

አንድ የሲሊከን ዝርግ ቺፕ እስኪሆን ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ያልፋል። በዓይን የማትታይ ብናኝ አንዱን ቺፕ ከጥቅም ውጭ ልታደርገው ትችላለች። ትርፍና ኪሳራን የሚለየው ከእያንዳንዱ ዝርግ ስንት ደህና ቺፕ እንደሚገኝ ነው። መሐንዲሶች በአንዱ ደንበኛ ምርት ላይ የእንከኑን መንስኤ አግኝተው የማሽኑን አሠራር ሲያስተካክሉ፣ በዚያው ማሽን የሚያልፈው የሌላው ደንበኛ ምርትም ይሻሻላል።

ኤኤምዲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2009 ፋብሪካዎቹን ለይቶ ከአቡዳቢ ባለሀብት ጋር ግሎባልፋውንድሪስ የተባለ ኩባንያ እንዲሆኑ አደረገ። በ2018 ግሎባልፋውንድሪስ የ7 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ልማቱን ሲያቆም ኤኤምዲ የ7 ናኖሜትር ምርቱን በሙሉ ወደ ቲኤስኤምሲ አዞረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዚሁ ቴክኖሎጂ የተመረቱ ፕሮሰሰሮችን ለገበያ አቀረበ። በራሱ ፋብሪካ ይተማመን የነበረው ኢንቴል ደግሞ በ2020 የራሱ የ7 ናኖሜትር ምርት እንደሚዘገይ አስታወቀ። አምራቹ ሲደክም ወደ ሌላ መሄድ መቻሉ ለኤኤምዲ ከዋጋ ቅናሽ የበለጠ ጥቅም ሰጥቶታል።

ያለመፎካከር ቃል

ንድፉን ለአምራች የሚሰጥ ምስጢሩንም አብሮ ይሰጣል። አፕል ለቀደሙት አይፎኖች የነደፋቸውን ቺፖች ያመርትለት የነበረው ሳምሰንግ ሲሆን፣ ይኸው ኩባንያ በስልክ ገበያው ተቀናቃኙ ነበር። በ2011 አፕል ስልኮቼን ቀድቷል ብሎ ከሰሰው፤ በ2014 የወጣው አይፎን 6 ቺፕ የተመረተው በቲኤስኤምሲ ነው። የራሱ ስልክም ሆነ ፕሮሰሰር የሌለው አምራች የደንበኛውን ንድፍ ለመቅዳት የሚገፋው ጥቅም የለውም።

አሠራሩ ዋጋም ያስከፍላል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲጀምር የቺፕ ትዕዛዛቸውን የሰረዙ የመኪና ኩባንያዎች ገበያው ሲያገግም ቦታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው፤ በ2021 ብዙዎቹ ምርት ለማቆም ተገደዱ። ስለዚህ አስመራቹ በውሉ ውስጥ ከዋጋው እኩል ወረፋውንም መደራደር አለበት።

ከሐዋሳ ሲታይ

ኢትዮጵያ በውል ወደ ማምረት ገበያ የገባችው በልብስ ዘርፍ፣ በአምራችነት ነው። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ለካልቪን ክላይንና ለቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ለፒቪኤች እንዲሁም ለሌሎች የውጭ ብራንዶች ልብስ የሚሰፉ ኩባንያዎችን ከስሪ ላንካ፣ ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከቻይና ስቧል። መስህቡ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ ከሚገኘው የቀረጥ ነፃ ዕድል ጋር ርካሽ ጉልበት ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቧል፤ ሠራተኞች በብዛት ሥራቸውን እየለቀቁ እንደሚሄዱና ምርታማነቱ ዝቅተኛ እንደሆነም አመልክቷል። በኅዳር 2021 ፒቪኤች የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በጥር 2022 የአጎዋ ዕድል ተቋረጠ።

የአጎዋ መቋረጥ ከፋብሪካዎቹ አቅም በላይ የሆነ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። የሠራተኛው ፍልሰት ግን በእጅ ያለ ጉዳይ ነው። ኪስ መግጠም ወይም እጅጌ ማያያዝ የለመደች ሰፊ ሥራዋን ስትለቅ ልምዱ አብሯት ይሄዳል፤ በእሷ ቦታ የምትቀጠረው ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ደንበኛው በውል የሚገዛው ይህን ልምድ እስከሆነ ድረስ፣ ለፓርኮቹ የሚሰጠው የመንግሥት ማበረታቻ ከተቀጠረው ሰው ብዛት ይልቅ በሥራው ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት በቆየው ሠራተኛ ቁጥር ቢለካ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለደመወዝ ማሻሻያ የሚወጣውም ገንዘብ እንደ ማሽን ግዥ ቢቆጠር፣ ፋብሪካዎቹ ቀጣዩን ውል ሲደራደሩ ከደመወዝ ርካሽነት ሌላ የሚያቀርቡት ነገር ይኖራቸዋል።