አንቲቴሲስ፦ ሚዛናዊ ተቃርኖ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» ይህን ተረት ፈታ አድርገን «ሥልጣን ላይ ሳለ ያልተጠቀመ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ይጸጸታል» ብንለው ፍቺው አይጎድልም። ጉልበቱ ግን ይከዳዋል። ያ የጠፋው ጉልበት ስም አለው፤ አንቲቴሲስ ይባላል።

ቃሉ የግሪክ ነው። «አንቲ» ተቃራኒ፣ «ቴሲስ» ማስቀመጥ ማለት ሲሆን፣ ሲጋጠሙ «ፊት ለፊት ማኖር» የሚል ስሜት ይሰጣሉ። በፍልስፍና ከአንድ አቋም ፊት ለፊት የሚቆም ተጻራሪ አቋም መጠሪያ ነው፤ እዚህ የምናየው ግን የአነጋገር ስልቱን ነው።

በአማርኛ «ተቃርኖ» ማለት የተለመደ ነው። ይሁንና ተቃርኖ የሐሳብ መጣረስንም ይገልጻል፤ ዛሬ ያለውን ነገ የሚያፈርስ ሰው ንግግሩ «ተቃርኖ አለበት» ይባላል። ስለዚህ «ሚዛናዊ ተቃርኖ» ብንለው ይበልጥ ይጠራል። ከአያዎም ይለያል፦ አያዎ ራሱን የሚያፈርስ የሚመስል አንድ ሐሳብ ነው፤ ሚዛናዊ ተቃርኖ ግን ሁለት ሐሳቦችን በሁለት ጎን ሰቅሎ ይመዝናል።

ተረቱን እንመልከተው። በየጎኑ ሁለት ሁለት ቃል አለ። «ሲሾም» እና «ሲሻር» በድምፅ ይቀራረባሉ፣ በፍቺ ይጣላሉ። ሚዛኑ ሲበረታ ደግሞ ተቃራኒ ያልሆኑትንም ያጣላል። «ፊት ከወጣ ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ» ስንል፣ ፊትና ኋላ በእርግጥ ተቃራኒዎች ናቸው። ጆሮና ቀንድ ግን በአንድ ራስ ላይ የበቀሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ባላንጣ ያደረጋቸው አሰላለፉ ነው።

አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፣ ተቃራኒዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይበልጥ ስለሚታወቁ ስልቱ ደስ እንደሚያሰኝ ይናገራል። የምክንያት ማስረጃ እንደሚመስልም ያክላል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ መምሰል መሆን አይደለም። በደርግ ዘመን «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ሲባል በሚዛኑ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ሦስተኛ መንገድ የሚፈልግ ሰው መቆሚያ አልነበረውም።

እናም አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ንግግር ስትሰማ ውበቱን አድንቅ፤ ከማጨብጨብህ በፊት ግን ሚዛኑ ላይ ያልወጣውን ፈልግ።