ስድስት እግር ያለው ውሻ መቼ ተወለደ?

ሜታል ዲቴክተር ይዘው ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሰዎችን ቪዲዮ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ያስተውላል፤ ብረት ይጠላሉ። የሚፈልጉት ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስና መዳብ ነው። መሣሪያው ራሱ የተሠራው ለዚህ ነው። ከታች ያለው የሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ የተቀበረው ብረታ ብረት ደግሞ ትንሽ ዘግየት ያለ የራሱን ሞገድ ይመልሳል። የመዘግየቱ መጠን ከብረታ ብረት ብረታ ብረት ይለያያል። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ «ብረት ሲሆን ዝም በል» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ያን ካላደረገ ሲፈልግ የሚውለው ሚስማር ነው።

የድሮ የማስታወቂያ ሰሌዳ ደግሞ ከብረት ቆርቆሮ ነው የሚሠራው። ታዲያ እንዴት ያገኙታል? ሰሌዳው መሣሪያውን ያታልለዋል። ትልቅና ዝርግ የሆነ ብረት የሚመልሰው ምልክት በጣም ኃይለኛ ስለሆነ አንዳንዴ የከበረ ነገር ይመስላል። ሰውየው ሣጥን ሙሉ ሳንቲም አገኘሁ ብሎ ሲቆፍር የሳሙና ማስታወቂያ ይወጣል። መጀመሪያ ይናደዳል። ጭቃውን ሲያጥበው ግን ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል።

የቀለሙ ምስጢር ቀለም አለመሆኑ ነው። ኢናሜል የሚባለው ይህ ሽፋን ዱቄት ሆኖ የተፈጨ መስታወት ነው። በቆርቆሮው ላይ ይነሰነስና ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ምድጃ ውስጥ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። የእናቶቻችን የኢናሜል ሳህንና ጎድጓዳ የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚጋገር በጣት ስትዳስሱት የፊደሉ ጠርዝ እንደ ደረጃ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ቤንጃሚን ባው የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት አወጣ። በ1889 ደግሞ እዚያው ከተማ ሴሊ ኦክ በተባለ ሰፈር የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የባቡር ጣቢያዎችና የሱቅ ግድግዳዎች በሳሙና፣ በሻይ፣ በቸኮሌትና በትንባሆ ሰሌዳ ተሸፈኑ። ዝናብ የማይነካው፣ ፀሐይ የማያደበዝዘው ማስታወቂያ ተገኘ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር መሬት ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? አንደኛው ምክንያት ጥንካሬው ነው። ማስታወቂያው ጊዜው ሲያልፍ ቆርቆሮው ገና አዲስ ነበር። ገበሬው ወስዶ የአሳማ ቤት ጣራ አደረገው፣ አጥር ደፈነበት፣ የጉድጓድ አፍ ከደነበት። ቤቱ ሲፈርስ ሰሌዳው እዚያው ተቀበረ። ያልተቀበረው ብዙው ደግሞ ቀለጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝም አሜሪካም ለጦር መሣሪያ የሚሆን ቁርጥራጭ ብረት ከሕዝቡ በዘመቻ ሲሰበስቡ የሱቅ ሰሌዳም አብሮ ሄዷል። ዛሬ የተረፉት ውድ የሆኑት ለዚህ ነው።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር አበልጻጊ ነኝ። እውነቱን ለመናገር መቆፈሩ ብዙም አይስበኝም፤ የያዘኝ ዕድሜ የማውጣቱ ሥራ ነው። ምክንያቱም እኛ ከምንሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አንድ ፕሮግራም የተጻፈበት ቀን ጠፍቶባችኋል እንበል። ውስጡን ስታዩ በአምስተኛው እትም ላይ የተጨመረ ትዕዛዝ ይጠቀማል። እንግዲያው ከአምስተኛው እትም በፊት ሊጻፍ አይችልም። የሰሌዳም ሕግ ይኸው ነው፤ ሰሌዳው በላዩ ላይ ካለው የመጨረሻ አዲስ ነገር አይቀድምም። አንድ ሺህ የቆዩ ምልክቶች ቢኖሩት እንኳ አንዲት አዲስ ምልክት ትበልጣቸዋለች።

የለንደን አድራሻ ያለበትን ሰሌዳ እንውሰድ። የከተማዋ የፖስታ ወረዳዎች ቁጥር የተጨመረላቸው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስለዚህ ከወረዳው ፊደል ቀጥሎ ቁጥር ካለ ሰሌዳው ከ1917 ወዲህ ነው። «የንጉሡ ዕቃ አቅራቢ» የሚል ጽሑፍ ካለው ደግሞ እንግሊዝ ከ1901 እስከ 1952 ነገሥታቱ ወንዶች ስለነበሩ ሰሌዳው በዚያ መሀል ይወድቃል። ዋጋው በድሮው ፔኒ ከተጻፈ ገንዘቡ ከተቀየረበት ከየካቲት 1971 በፊት ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ቁጥር ካያችሁ ከሐምሌ 1963 ወዲህ በሉ። ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ፍንጮች ሲደራረቡ ሰሌዳው ሾልኮ የማያመልጥበት ጠባብ የዓመታት መስኮት ይቀራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው የአጂፕ ነዳጅ ሰሌዳ ይዞ መጥቶ «ይሄ የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ነገሩ ያስኬዳል። ኩባንያው ጣሊያናዊ ነው፣ የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. በ1926 ማለትም ከወረራው አሥር ዓመት በፊት ነው። ሰሌዳው ላይ ግን ስድስት እግር ያለው፣ ወደ ኋላ ዞሮ እሳት የሚተፋ ጥቁር ውሻ አለ። ያ ውሻ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 በተካሄደ የንድፍ ውድድር ላይ ነው። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ የወጡት ደግሞ በ1933 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1941 ነው። በመካከሉ አሥራ አንድ ዓመት አለ። ውሻው ያለበት ሰሌዳ ከወራሪው ጋር ሳይሆን ከነፃነት በኋላ በንግድ የመጣ ነው። የአንድ ቆርቆሮ ዕድሜ ከወረራ ታሪክ ወደ ንግድ ታሪክ የሚዛወረው በአንድ ውሻ ነው።

እኛ ጋ ሌላም ወጥመድ አለ። ሰሌዳው ላይ «በ1950 ተቋቋመ» ቢል በማን አቆጣጠር? በሰባትና በስምንት ዓመት ልንስት እንችላለን። ደግሞም የምሥረታ ዓመት የሰሌዳው ዕድሜ አይደለም። ጊዮርጊስ ቢራ የተመሠረተው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ይህን ዓመት የያዘ ሰሌዳ ግን ዛሬ ጠዋትም ሊታተም ይችላል። ሻጭ ሁሉ የሚያሳያችሁ ትልቁን ቁጥር ነው። እናንተ ትንንሹን ፈልጉ።

ለአዲስ አበባ ሰሌዳ ከሁሉ የሚሻለው ፍንጭ አድራሻው ነው። አስተዳደሩ በተቀየረ ቁጥር ከተማዋ አድራሻዋን አብራ ስለቀየረች፣ ታሪካችን ሳናስበው በሰሌዳ ግርጌ ተጽፎልናል። «ቀበሌ» የሚል ቃል ካለ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ነው። «ከፍተኛ» ከተጨመረ የደርግ ዘመን አስተዳደር ነው። «ክፍለ ከተማ» ካለ ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተማ ከተከፈለችበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ነው። «ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ» የሚል ከሆነ ከ2013 ዓ.ም. አይቀድምም።

ቀጥላችሁ ስልኩን እዩ። እስከ 1997 መጨረሻ ድረስ የአዲስ አበባ የቤት ስልክ ስድስት አኃዝ ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ቁጥሩ ሁሉ ተቀይሮ ከነመለያው አሥር አኃዝ ሆነ። በ07 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር ካለ ደግሞ ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሥራ ከጀመረበት ከ2015 ወዲህ ነው።

በአንድ የቆርቆሮ አጥር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አጥሩ ከተለያየ ቆርቆሮ የተገጣጠመ ነው፤ አንደኛው ቁራጭ የልብስ ስፌት ቤት ሰሌዳ ነበር፣ ተገልብጦ ተመትቷል። ስሙ ተቆርጧል። የቀረው «ከፍተኛ»፣ «ቀበሌ» እና ስድስት አኃዝ ያለው ስልክ ነው። በዚህ ብቻ ሰሌዳው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እንደማይቀድም፣ ከ1998 በኋላም እንዳልተጻፈ መናገር ይቻላል። ከዚያ በላይ ለማጥበብ ስልኩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ የቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዝ ላይ ሌላ ቀለም ተደርቧል። ሰሌዳው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ስልኩ ተቀይሮ ጸሐፊው ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ልብስ ሰፊው አዲስ ሰሌዳ ለማሠራት ሳይሆን አንዲት ቁጥር ለማስተካከል ነበር የከፈለው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም መዝገብ አይነግራችሁም።

እንግሊዝ አገር ሰሌዳው የሚገኘው መሬት ውስጥ ነው። እኛ አገር ግን ቆርቆሮ የመቀበር ዕድል የለውም። ከሱቅ ሲወርድ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ጣራ፣ ከጣራ ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ቆራሌው ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል። እዚያ መዶሻ ያርፍበትና ምድጃ፣ ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ ወይም ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። ይህን ጥፋት ብዬ አልከስም፤ ብዙ ቤተሰብ የበላበት ሥራ ነው። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚያ ሰሌዳው ጠፍቶ ይቆያል፣ እዚህ እያየነው ይቀልጣል።

ስለዚህ «ሜታል ዲቴክተር ገዝቼ ልጀምር?» ለሚለኝ ጓደኛ መልሴ አጭር ነው፤ አትጀምር። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ጦርነት ባለፈበት መሬት ደግሞ ከሥር የሚጮኸው ነገር ሰሌዳ ላይሆን ይችላል፤ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ እጅ ያስቆርጣል፣ ነፍስ ያጠፋል። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ከቦታው ሲነሳ የሚጠፋ መረጃ አለ። የእንግሊዝ ሕግ አክባሪ ፈላጊዎች እንኳ ከባለ መሬቱ ፈቃድ ይዘው ቦታውን በካርታ የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። ሰሌዳ የት እንደተሰቀለ ካልታወቀ ጌጥ ነው፤ ከታወቀ ግን ምስክር ይሆናል።

እኛ የሚያስፈልገን መሣሪያ ኪሳችን ውስጥ ነው ያለው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከግድግዳው ጋር ሰሌዳውም ወርዷል። ሌላው ሰፈር ገና አለ። የሠፈራችሁን አሮጌ ሰሌዳ ስታዩ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ሰሌዳውን ብቻ፣ አንዱ ሕንፃውንና መንገዱን ጨምሮ። ግርጌው ላይ ያለችውን አድራሻና ስልክ ሳትቆርጡ አንሱ፤ ብዙ ሰው ቆንጆውን ፊደል ብቻ አንስቶ ዕድሜውን ይቆርጠዋል። የስልካችሁ የቦታ መለያ ክፍት ይሁን። ባለ ሱቁን ሰላም ብላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ጋሼ፣ ይሄን ማን ጻፈው?» ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ስሙን አልፈረመም፤ የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የዛሬውም ሰሌዳ ተራው ይደርሰዋል። ከኅትመት ቤት የወጣው የፕላስቲክ ባነር እንደ ኢናሜል መቶ ዓመት አይቆይም፤ ሁለት ክረምት ካለፈው ይበጣጠሳል። አሥር አኃዝ ስልኩ፣ የቴሌግራም አድራሻው፣ የወረዳው ቁጥር፣ ሁሉም የዚህ ዘመን ማኅተም ነው። የሚቀበር ቆርቆሮ ስለሌለው ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ፈላጊ ምንም ዓይነት መሣሪያ ቢይዝ አይጮህለትም።