ያረጀ ወይን ጠጅና ዳኞቹ

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው፤ እምነቱን የሚያፈርሰው ምስክርም በዕድሜ ከእርሱ አያንስም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ121 ሉኪዩስ ኦፒሚዩስ የሮማ ቆንስል በነበረበት ዓመት ፀሐዩ ለወይን እጅግ የተመቸ ነበርና፣ የዚያ ዘመን መጠጥ ኦፒሚያዊ ተብሎ ዝናው ናኘ። ሮማውያን ዓመታትን በቆንስሎቻቸው ስም ይጠሩ ስለነበር በእንስራው ላይ የሚጻፈው ስም የመጠጡ የልደት ወረቀት ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ 75 ዓመት ካለፈ በኋላ ሲሴሮ «ብሩቱስ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ ንግግር አዋቂዎች ሲጽፍ ይህንኑ መጠጥ ለምሳሌ አነሳው። ስሙ ታላቅ ነው፣ ዕድሜው ግን ከልኩ አልፏል፤ ለዛው ጠፍቶ ለመጠጣትም የሚያስቸግር ሆኗል ሲል ፈረደበት። ከእርሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የጻፈው ፕሊኒ ደግሞ፣ ከኦፒሚያዊው የተረፈው እንደ ማር መወፈሩን፣ ከመምረሩም የተነሳ ብቻውን እንደማይጠጣና ጥቂቱ ለሌላ ወይን ማጣፈጫ እንደሚሆን መዝግቧል።

ስሙ ግን በዋዛ አልሞተም። ፔትሮኒዩስ በኔሮን ዘመን እንደጻፈው በሚታመነው ልቦለድ ውስጥ፣ ትሪማልኪዮ የተባለው ዲታ መቶ ዓመት የሞላው ኦፒሚያዊ መሆኑ የተጻፈበትን መጠጥ ለእንግዶቹ ያቀርባል። እውነተኛው ኦፒሚያዊ በዚያን ጊዜ 180 ዓመት ገደማ ሊሆነው ይገባ ነበር! የደራሲው ሹፈት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ዳኛ ሐኪሙ ጌለን ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት ለንጉሠ ነገሥቱ ለማርቆስ አውሬልዮስ መድኃኒት የሚቀመምበት ወይን ሲፈልግ ወደ ቤተ መንግሥቱ የወይን ማከማቻ ወረደ። በየእንስራው የተጻፈውን ዓመት አነበበ፤ በጽሑፉ ብቻ ግን አልረካም። ምሬት የሌለበትን እስኪያገኝ ድረስ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩትን እየዞረ ቀመሰ።

መቅመስ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ መክደኛው ሲነሳ አየር ይገባል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናቱ እንዳስረዳው ወይንን የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይሻሉ። ውጤቱም ጣሊያኖች አቼቶ የሚሉት፣ እኛም በዚያው ስም ከሱቅ የምንገዛው ነው። ስለዚህ ያረጀ የጣሊያን ቀይ ወይን የያዘ ሰው ሳይከፍት በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ይመልከት። መጠጡ ከአንገቱ ወርዶ ከትከሻው በታች ደርሶ ከሆነ ቡሹ አየር ሳያሳልፍ አልቀረም። ቀለሙ የጡብ መልክ መያዙና ከሥሩ አተላ መዝቀጡ ግን የዕድሜ እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም። ሲከፈት የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቡሹ ነው፤ አቼቶ ከሸተተ ደግሞ ነገሩ አብቅቷል።

በቶስካና፣ ሞንታልቺኖ አጠገብ ኢል ግሬፖ በተባለው እርሻ የቢዮንዲ ሳንቲ ቤተሰብ ለዚህ ከፍቶ የመዳኘት ችግር መላ ዘየደ። ፌሩቺዮ ቢዮንዲ ሳንቲ ሳንጆቬዜ ከተባለው የወይን ዘር ብሩኔሎ የተሰኘውን ቀይ ወይን ሠርቶ ነበር። ልጁ ታንክሬዲ እ.ኤ.አ. በ1927 የ1888ንና የ1891ን ጠርሙሶች ከፍቶ፣ የጎደለውን በዚያው ዓመት ወይን ሞልቶ፣ አዲስ ቡሽ ወተፈባቸው። በ1970 ሥርዓቱ ደራሲው ማሪዮ ሶልዳቲና የወይን ሐያሲው ሉዊጂ ቬሮኔሊ በተገኙበት ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባረፈው በታንክሬዲ ልጅ በፍራንኮ ዘመን፣ የቆየ ጠርሙስ ያላቸው ሰዎች ወደ ግሬፖ ይዘው ይመጡ ነበር። ጠርሙሱ ይከፈታል፣ ይቀመሳል። ጤነኛ ከሆነ ተሞልቶ ይታሸጋል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል፤ የተበላሸው ግን አይሞላም።

አባት የገዛ ልጁን ሲዳኝ ያስጠረጥራል፤ ለመሙያ የሚሆነውም ከሌላ ጠርሙስ ስለሚቀዳ ያችን ማጣት ግድ ነው። ቢሆንም ባለንብረቱ ፊት ቆሞ ‹‹ጠርሙስዎ ሞቷል›› ማለት የራስን ስም የሚያጎድፍ በመሆኑ፣ እኔ ከትሪማልኪዮ ጽሑፍ ይልቅ እኒህን ዳኛ አምናለሁ።