«መልሶ መንደፍ» እና ተዛማጅ ቃላቱ፦ አጠቃቀማቸው በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

ቀድሞ የታቀደ ነገር ዕቅዱ ራሱ ተለውጦ እንደ አዲስ ሲወጣ፣ በዛሬው የጽሕፈት አማርኛ «መልሶ መንደፍ»፣ «ዳግም መንደፍ» ወይም «እንደገና መንደፍ» ይባላል። ሦስቱም ባለሁለት ቃል ሐረጎች ናቸው። አማርኛ ድጋሚነትን የሚያሳይ የግሥ መነሻ ቅጥያ ስለሌለው ትርጉሙን ራሱን የቻለ ቃል ይሸከመዋል። «ዳግም» ከግዕዙ «ደገመ» የመጣ በመሆኑ ለመጽሐፍና ለአዋጅ ይስማማል፤ «እንደገና» በጽሑፍም በንግግርም ይገባል። «መልሶ» ግን ቦዝ አንቀጽ ነው። በንግግር ባለቤቱን ተከትሎ ይረባል፦ «መልሼ ሠራሁት»፣ «መልሳ ሰፋችው»። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ግን «መልሶ ማልማት»፣ «መልሶ ማቋቋም»፣ «መልሶ ግንባታ» ሲባል እርባታውን ይተውና ባለቤቱ ማንም ቢሆን «መልሶ» እንዳለ ይቀራል።

በኢሉባቦር ይህ አሠራር ለጆሮ እንግዳ አይደለም። መቱ፣ ጎሬ፣ ያዮ፣ ሁሩሙና ቡሬ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ የአፋን ኦሮሞው «ደቢሳኒ ኢጃሩ» (መልሶ መገንባት) ከአማርኛው ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው። «ደቢሱ» «መመለስ» ማለት ነው፤ እርሱም ከሌላ ግሥ ጋር ሲጣመር በአንድ እርባታ ይጸናል። ልዩነቱ አማርኛ የነጠላውን እርባታ ሲይዝ አፋን ኦሮሞ የብዙውን መያዙ ነው። ለማደስ «ሃሮምሱ»፣ ለመጠገን «ሱጱ»፣ ለመለወጥ «ጂጂሩ» አሉ። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚናገር የመቱ ነዋሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የትርጉሙን አከፋፈል ብዙም ማፍረስ አያስፈልገውም።

«ነደፈ» ራሱ ሰፊ ግሥ ነው። ንብ ይነድፋል፤ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ሐሳብም በወረቀት ላይ ይነደፋል። በማር በሚታወቀው በዚህ አገር የመጀመሪያው ትርጉም የዕለት ተዕለት ነው። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው የጽሕፈት ቤት ነው፦ «ፖሊሲ መንደፍ»፣ «ስትራቴጂ መንደፍ»። ለሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «መቅረጽ» የሚለው ይመረጣል። በከተማ ኑሮ የ«ንድፍ»ን ቦታ «ዲዛይን» እና «ፕላን» ይዘውታል፤ ቤት ሠሪ «ፕላን አሠራሁ»፣ ልብስ አሰፊ «ዲዛይኑን ቀየርኩት» ይላል። «ልብሴን ዳግም አስነደፍኩ» የሚል ሰው የለም።

ተመሳሳይ የሚመስሉት ቃላት የሚለያዩት ከቀድሞው ነገር ምን ያህሉ ይቀራል በሚለው ነው። «ማደስ» መልኩን ጠብቆ ኃይሉን ይመልሳል። ከግዕዙ «ሐደሰ» የመጣ ነው፤ «አዲስ»፣ «እድሳት»፣ «ተሃድሶ» እና «ህዳሴ» ሁሉ ከዚሁ ሥር ናቸው። ቤት ይታደሳል፤ የንግድ ፈቃድም ይታደሳል። «መከለስ» ያለውን ሳያፈርስ ይጨምርበታል፤ ወጥ ሊወጣ ሲል የሚነሰነሰው ቅመም «መከለሻ» የሚባለው ከዚሁ ግሥ ነው፤ መጽሐፍና የከተማ ፕላንም ይከለሳሉ። «ማሻሻል» ከነበረው የተሻለ ማድረግን እንጂ የለውጡን መጠን አይናገርም፤ ሪፖርት ጸሐፊዎች አብዝተው የሚወዱትም ለዚህ ይመስላል። «አፍርሶ መሥራት» ከሁሉ ይጠነክራል፤ ግን የሚፈርሰው ቤቱ እንጂ ዕቅዱ ላይሆን ይችላል፤ በቀድሞው ፕላን መልሶ መሥራት ይቻላልና።

የቡና ገበሬ አነጋገር ይህን መለያየት ከማንም በላይ አጥርቶ ያሳያል። ያረጀ የቡና ተክል ግንዱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ሲቆረጥ ሥራው «ጉንደላ» ይባላል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ስለሚወጣ ገበሬው «ቡናውን አደስኩ» ይላል፤ ሥሩ የቀድሞው ነውና። ተክሉን ከነሥሩ አውጥቶ ሌላ ችግኝ ማስገባት «ነቅሎ መተካት» ነው። የቡናውን ርቀት፣ የጥላ ዛፉንና የውኃ መውረጃውን አስቦ ማሳውን ሌላ መልክ ማስያዝ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ በትክክል «መልሶ መንደፍ» የሚገባው እርሱ ነው። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ሲመዘገብ፣ ደኑ ጥብቅ፣ መከለያና የልማት ቀጣና ተብሎ መከፈሉ እንዲህ ያለ የቦታ ንድፍ ነው።

በሕግ ፊት የግሡ ምርጫ ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አዲስ ግንባታን፣ ነባር ሕንፃ ማሻሻልንና የሕንፃ አገልግሎት መለወጥን ሸፍኗል። የመኖሪያ ቤቱን ግድግዳ የሚለስን ሰውና መኖሪያ ቤቱን ሱቅ የሚያደርግ ሰው ሁለቱም ሥራቸውን «እድሳት» ቢሉም ሁለተኛው የአገልግሎት ለውጥ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም መዋቅራዊ ፕላንን ከአካባቢ ልማት ፕላን ይለያል። እንግዲህ «ፕላኑ ተሻሻለ» የሚል ማስታወቂያ የትኛው ፕላን እንደሆነ ካልጠቀሰ፣ ነዋሪው ይዞታው ይነካ አይነካ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሐሳቡ ስሙን የለወጠበት ጉልህ ምሳሌ አለ። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ በአውሮፓውያኑ 1993 ያሳተሙት መጽሐፍ የሥራ ሂደትን ከሥር መሠረቱ አስቦ ፈጽሞ መልሶ መንደፍን ያስተምራል። ስልቱ ወደ ኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ሲገባ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተባለ፤ በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃልም «ቢፒአር»። በስሙ ውስጥ «ንድፍ» አልገባም፤ የገባው «ለውጥ» ነው። «ዋና የሥራ ሂደት» እና «ደጋፊ የሥራ ሂደት» የሚሉት ቃላትም ከሥራ ቅደም ተከተልነት ወጥተው የክፍል መጠሪያ ሆኑ። ይህ የትርጉም ጉድለት ቀላል አይደለም፤ ለውጥ ንድፍ ሳይኖረውም ሊደረግ ይችላልና።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እነዚህን ቃላት በአንድ ረድፍ እንደ ፍጹም ተመሳሳይ ባይደረድሯቸው ይመረጣል። መልኩ ካልተለወጠ «ማደስ»፣ ከፊሉ ከተነካ «መከለስ»፣ ዕቅዱ ራሱ ከተለወጠ «መልሶ መንደፍ» ቢባል ማንኛውም የመቱ ወይም የጎሬ ነዋሪ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።