ከዘነበወርቅ እስከ ጎንደር፦ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት አጀማመር

በኢትዮጵያ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ወንበር ከማግኘቱ ከ30 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕሙማን አልጋ አጠገብ ተጀምሯል። ታሪኩን ከዲግሪ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች ይህን መዝለላቸው ተገቢ አይመስለኝም።

ቦታው የአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ነው። ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ ያቋቋሙት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ተሐድሶ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ሆነ። በምሥረታው እጃቸው ካለበት ሰዎች አንዱ ሕንድ ውስጥ በቬሎር ሲያክሙና ሲያስተምሩ የኖሩት ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው። ጣትና እግር የሚጠፋው ደዌው ሥጋን ስለሚበላ ሳይሆን፣ ሕመም የማይሰማው አካል ሳይታወቀው ስለሚቆስል መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ብቻውን በቂ አልነበረም፤ እግሩን በየቀኑ ነክሮ፣ ፍቆና ቅባት ቀብቶ መጠበቅን ለበሽተኛው የሚያስተምር ባለሙያ አስፈለገ።

ደዌው የእግር ነርቩን የጎዳበት ሰው እግሩን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፤ ሲራመድ የእግሩ ጫፍ መሬት ይጠርጋል። ቀዶ ሐኪሙ እግርን ወደ ውስጥ ይስብ የነበረውን ጅማት ወደ እግሩ የላይኛው ገጽ አዙሮ ይሰፋዋል። ጀሶው ሲፈታ ግን ጡንቻው የሚያውቀው የድሮ ሥራውን ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ በሽተኛውን አስቀምጦ «ወደ ውስጥ ሳበው» ይለዋል፤ በዚያ ትእዛዝ እግሩ ወደ ላይ ይነሣል። ይህ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ ቆሞ፣ በመጨረሻም እየተራመደ ይደጋገማል። ሙያው ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለውም፤ ማስተማርና ማከምም እዚህ ላይ አይለያዩም።

ይኸው የእግር መውደቅ ምጥ ቀናት በቆየባቸው እናቶች ላይም ይደርሳል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ከቀዶ ሕክምናው ጎን የቆመው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ከሰሜን ሸዋው መርሐቤቴ ሆኖ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ከዓለም ከተማ ወደ ሙከጡሪ የሚወስደው መንገድ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። በዚህ አገር እግሩ የማይታዘዘው ገበሬ ከእርሻውም ከገበያውም ይቀራል። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ አለ፤ ለሞተ ነርቭ ግን ወጌሻ መድኃኒት የለውም። የካርልሄንዝ በም ሰዎች ለሰዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 መርሐቤቴ ገብቶ በኋላ የእናት ሆስፒታልን በዓለም ከተማ ሲገነባ፣ ሕክምናን ወደ ሕመምተኛው ማቅረቡ ትልቅ ውለታ ነበር። ተሐድሶ የሳምንታት ምልልስ ይጠይቃልና ርቀት ራሱ በሽታውን ያባብሳል።

ዲግሪው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ከአሜሪካ እየተመላለሱ ባስተማሩ ባለሙያዎች እገዛ፣ የዶክትሬት መርሐ ግብር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎንደር ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ተጣምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማፍራት ጀመረ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም ከዚህ ጥምረት ተወለደ።