ማማ፣ አመድና መርዝ፦ በከሚሴ ቆላ ሰብልን ከተባይ የመጠበቅ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴና ዙሪያዋን የከበቡት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች ከቦርከና ወንዝና ከጨፋ ረግረጋማ ሜዳ እርጥበት ያገኛሉ፤ ገበሬው ማሽላን ለቀለቡ፣ በመስኖ የሚለማውን ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ለገበያ ያመርታል። በዚህ ሞቃት ሸለቆ ሰብልን ከተባይ የመጠበቅ ታሪክ ሲመረመር ከመድኃኒቱ ይልቅ ጎልቶ የሚወጣው የጉልበት ነገር ነው፦ ማን ይጠብቃል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ በዚያስ ምክንያት ከየትኛው ሥራ ይቀራል።

ማሽላው እሸት ሲይዝ ጠባቂው በማሳው መካከል ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ማለትም በማማ ላይ ወጥቶ፣ ጠጠር በወንጭፍ እየወረወረና ጅራፍ እያጮኸ ወፍ ያባርራል። ዋናዋ ባላጋራ ግሪሳ ናት፤ ግሪሳ ምንቃሯ ቀይ፣ አካሏ ትንሽ፣ በመንጋ የምትጓዝ እህል በል ወፍ ስትሆን፣ አንዷ በቀን የምትበላው 10 ግራም ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ መንጋ በዚሁ ስሌት በአንድ ቀን 10 ቶን እህል ያወድማል። ግሪሳ በብዛት የምትመገበው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመሆኑ ጠባቂው ጎሕ ሲቀድ ማማው ላይ መገኘት ነበረበት፤ ሥራው በአመዛኙ የልጆች ድርሻ ስለነበረም ዘመናዊ ትምህርት ወደ ገጠር ሲዘልቅ ማማና ትምህርት ቤት አንዱን ልጅ መሻማታቸው አልቀረም።

የጓሮ አትክልት ጥበቃ በጽሑፍ እምብዛም ቦታ አላገኘም፤ ምናልባትም አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ሥራ በመሆኑ ይሆናል። በጎመንና በቃሪያ ችግኝ ዙሪያ የሚነሰነሰው የምድጃ አመድ ቀንድ አውጣንና ዛጎል የሌለውን ዘመዱን ያግዳል፤ እነዚህ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ልጋጋም አካላቸው እርጥበት እስካለው ድረስ ስለሆነ ደረቅ አመድ እርጥበቱን ይመጥጥባቸዋል፣ ጤዛ ወይም የመስኖ ውሃ የነካው አመድ ግን ከተራ አፈር ስለማይለይ በየጊዜው መታደስ አለበት። ቆራጭ ትል የሚባለው ደግሞ ሌሊት ችግኙን ከአፈሩ ገጽ ላይ ቆርጦ ይጥልና ቀን ተደብቆ ይውላል፤ ጠዋት የወደቀ ችግኝ ያየች ሴት በሥሩ ዙሪያ ያለውን አፈር በጣቷ ጥቂት ብትጭር ግራጫውን ትል እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ታገኘዋለች፤ ትጨፈልቀዋለችም።

የቤተሰብ ጉልበት የማይመክተው ጠላት አንበጣ ነው። ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ በእግሩ ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ቦይ ቆፍሮ አፈር መመለስ ይቻላል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን ጢስና ጩኸት መንጋውን ወደ ጎረቤት ማሳ ከመግፋት ያለፈ እምብዛም አይፈይዱም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ሲፈጅ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች፣ ማለትም በመንጋ የሚዘምተው ቅጠል በል ትል፣ ሰብሉን አጠፉ፤ ወሎም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ መቅሠፍት ሲመጣ የወሎ ሕዝብ ወዳጃ ይቀመጣል፤ ወዳጃ ቡናና ጫት ቀርቦ በኅብረት ዱዓ የሚደረግበት ጉባኤ ሲሆን፣ ሰውን በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ በመሆኑ ለጋራ ሥራም መነሻ ሊሆን መቻሉን መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን የሚገመት፣ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ የሚበቃ እህል ካወደመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተመሠረተ፤ ቅኝትና የአውሮፕላን ርጭትም የአገሮች የጋራ ኃላፊነት ሆነ።

መርዝ የጠባቂውን ድካም ቢያቀልም የራሱን ዕዳ አስከተለ። በዘመቻ የገባው ፀረ ተባይ ከየመጋዘኑ ተርፎ ጊዜው አለፈበት፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው ተለቅሞ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ። በምሥራቅ አማራ ቆላ የማሽላ ጥንዚዛ በብዛት በተነሳ ጊዜ ደግሞ ተመራማሪዎች በአጎራባቹ ራሳ ሸለቆ በፍራፍሬ ሽታ እየሳቡ በወጥመድ መያዝን ሞከሩ፤ ወጥመድም ቢሆን የሚፈትሸውና የሚያራግፈው እጅ ይፈልጋል።

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ በዞኑ ላይ የወረደው ማሽላው ለአጨዳ በተቃረበበት ወቅት በመሆኑ፣ ርጭቱ ባልደረሰበት ሁሉ ገበሬው ጅራፉንና ቆርቆሮውን ይዞ ወጣ። በመስኖው ማሳ ያለው ፈተና ከዚህ ይለያል፤ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨውና እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ትል በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ስለሚኖር ከላይ የተረጨ መርዝ በቀላሉ አይደርስበትም፣ ገበሬውም ርጭቱን ይደጋግማል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ቢደነግግም፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ጓንትና ጭምብል ሳያደርግ የሚረጨው ሰው በአገሪቱ ዛሬም ብዙ ነው። የተጠቃውን ቅጠል ለቅሞ መቅበር በባለሙያዎች ከሚመከሩት ዘዴዎች አንዱ ሲሆን፣ ለዚህም ማሳውን ቅጠል በቅጠል እያገላበጠ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል።