ከድምፅ ቅጂ የፖሊኔዥያን ቋንቋ ስለ መለየት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1769 የካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከብ ኒው ዚላንድ በደረሰች ጊዜ፣ ከታሂቲ የተሳፈረው የራያቴአ ደሴት ተወላጅ ቱፓያ በባሕሩ ዳርቻ ለተሰበሰቡት ማኦሪዎች በገዛ ልሳኑ ቢናገር ተረዱት። በታሂቲና በኒው ዚላንድ መካከል ያለው ውቅያኖስ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ዝምድና፣ ተናጋሪውና ቦታው ያልተመዘገበ የድምፅ ቅጂ ለሚያጋጥመው ተመራማሪ ችግርም መፍትሔም ነው። ቋንቋዎቹ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩበት መንገድ ግን ሥርዓት አለው።

በመጀመሪያ ሊደመጥ የሚገባው «ር» ወይስ «ል» መነገሩ ነው። «ቤት» በሳሞአና በቶንጋ «ፋሌ»፣ በሃዋይ «ሃሌ»፣ በታሂቲ «ፋሬ»፣ በራፓ ኑይ «ሃሬ» ይባላል። ቀጥሎ «ክ» ይፈተናል። «ዓሣ» በማኦሪና በቶንጋ «ኢካ» ሲሆን፣ በሳሞአ፣ በታሂቲና በሃዋይ «ኢአ» ነው፤ እዚህ ላይ «አ» በጉሮሮ ተቋርጦ የሚወጣ ሙሉ ተነባቢ ነው። የቀድሞ ሚስዮናውያን ይህን ድምፅ ብዙ ጊዜ ሳይጽፉት አልፈዋል። (የእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ባልቸገረ ነበር።) ከሁሉ የሚጠቅመው ግን «ሰው» የሚለው ቃል ነው፤ በማኦሪ፣ በቶንጋና በሳሞአ «ታንጋታ»፣ በታሂቲ «ታአታ»፣ በሃዋይ «ካናካ» ይሆናልና። በ«ታንጋታ» ውስጥ ያለው «ንግ» በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳሞአዊ በስብከትና በትምህርት ቤት «ታንጋታ» ቢልም፣ በዕለት ንግግሩ፣ በባህላዊ የሸንጎ ንግግርም ጭምር፣ «ት»ን ወደ «ክ» ለውጦ «ካንጋካ» ይላል። «ክ» መብዛቱን ብቻ ሰምቶ «ሃዋይኛ ነው» ብሎ የሚፈርድ ይሳሳታል። ሃዋይኛ «ስ» ስለሌለው፣ «ስ» ከተሰማ ጥርጣሬው ይቃለል ነበር፤ ሆኖም ሄለን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1923 እና በ1924 በሃዋይ ዜማ የቀዱበትን የመሰለ የሰም ሲሊንደር ቀጫጭን ድምፆችን አጥርቶ አይዝም። በእንዲህ ያለው ቅጂ የሚታመነው «ንግ» ነው፤ ይህም ድምፅ በሃዋይኛ የለም። በአንጻሩ በኒኢሃው ደሴት የሚነገረው ሃዋይኛ «ት»ን እስከ ዛሬ ስለያዘ፣ «ት» መስማትም ብቻውን ሃዋይን አያስወጣም።

ስሕተቱ ለትምህርት ሥራ ቀላል አይደለም። በሃዋይ እ.ኤ.አ. የ1896 ሕግ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ካደረገ በኋላ ቋንቋውን ከአፍ መፍቻቸው የሚናገሩ ልጆች እየተመናመኑ ሄዱ። በ1984 በሃዋይኛ የሚያስተምሩት የፑናና ሌኦ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች መከፈት ሲጀምሩ፣ አብዛኞቹ ባለ ሙሉ አንደበት ተናጋሪዎች አዛውንት ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ «ካ ሌኦ ሃዋይ» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት የተቀዳው የእነዚሁ አዛውንት ንግግር ዛሬ ለቋንቋው ተማሪዎችና መምህራን የአነጋገር ምንጭ ሆኖ ያገለግላል።